በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ያልተሰበሩት መስታወቶች

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ በሥራ ቦታም በሰፈርም «ኖራዬ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የኖራ ልስን ባለሙያና የስንጥቅ መዝገብ ያዥ
አድራሻ፦ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ቀጥሎ ያለው ግቢ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በ17
ቃሉ የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ መጠሪያዬ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ባለፈው ረቡዕ በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ ቃል ሰጥቼ ነበር። ያ ቃል ውሸት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነበር። በዚያ ጎዶሎ ቃል ምክንያት የወፍጮ ቤቱ ጥበቃ እስከ ዛሬ በእስር ላይ ስለሚገኝ የጎደለውን ልሞላ መጥቻለሁ። ይህን ስናገር መርማሪው ብዕራቸውን አቁመው አይተውኛል። ይጻፍ ብያለሁ።

ወፍጮ ቤቱ ሥራ ካቆመ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ግድግዳው ከአንድ ክንድ በላይ ውፍረት አለው፣ ድንጋዩም የተያያዘው በኖራ ነው። ከአሥር ወር በፊት ሕንፃው ፈርሶ አዲስ ከሚሠራ ባለበት ተጠግኖ ለሌላ አገልግሎት ይዋል ተብሎ ተወሰነ። ምድር ቤቱ የሕፃናት ማቆያ፣ ፎቁ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ሊሆን ነው። ሥራው ካለው ላይ መሥራት ስለሆነ የሚጣል ነገር አልነበረም። የእህል ማስቀመጫው ሣንቃ ደረጃ ሆኗል፤ ከየመስኮቱ የወለቀው አሮጌ መስታወት ደግሞ ለእኔ ተሰጥቶኛል።

እኔ መስታወቱን የምፈልገው ለስንጥቅ ነው። አሮጌ ግድግዳ ስንጥቅ አያጣም፤ ዋናው ጥያቄ ስንጥቁ ቆሟል ወይስ ይሄዳል የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጣት ስፋት ያለው ቀጭን መስታወት ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያርፍ አድርጌ ሁለቱን ጫፎች በጄሶ ድንጋዩ ላይ አጣብቃለሁ፣ በጄሶው ላይም ያጣበቅሁበትን ቀን እጽፋለሁ። ግድግዳው የፀጉር ያህል እንኳ ቢላወስ መስታወቱ ይሰበራል። አሥራ አንድ መስታወቶች አጣብቄያለሁ። መሐንዲሱ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይታዩ ስላለ በየቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዞሬ አይቼ በመዝገቡ ላይ «ደህና» ወይም «ተሰብሯል» ብዬ እጽፋለሁ። ለስድስት ሳምንት የጻፍኩት «ደህና» የሚል ብቻ ነው።

በግቢው በር ላይ የተለጠፈ ደብዳቤ አለ። ከግድግዳዎቹ አንዱ እንኳ መንቀሳቀሱ ከተረጋገጠ ሕንፃው በሙሉ እንደሚፈርስ ይገልጻል። ሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤውን በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «ደህና» ብዬ ስጽፍ ሁሉም ሰው በእኔ ብዕር ላይ ዓይኑን ይጥል ነበር።

ነገሩ መሽተት የጀመረኝ ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ5 ነው። ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው መስታወት ያሉት በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ የሕፃናት ማቆያ በሚሆነው ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሳጣብቃቸው ስንጥቁ ጥፍሬን እንኳ አያስገባም ነበር። በዚያ ቀን ግን ከመስታወቱ በታች የሳንቲም ጠርዝ አስገባሁበት፣ ገባ። መስታወቱ ደግሞ ምንም አልሆነም። ስንጥቅ ሰፍቶ መስታወት የማይሰበርበት አሠራር እኔ አላውቅም። ሳንቲሙን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ በመዝገቡም ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው ትዝ ብሎኝ ነው። ረቡዕ ስለዚህ ሳንቲም አልተናገርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ሰው በጎሪጥ ማየት ጀመርኩ። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ተቋራጩን ነው። ተቋራጩ ርክክቡ ሰኞ በ19 ተፈጽሞ ሕፃናቱ በዚያው ቀን እንዲገቡ የሚሯሯጥ፣ ኖራ ለመድረቅ የሚወስደውን ጊዜ እንደ ግል ጠላቱ የሚያይ ሰው ነው። ሲሚንቶ ይወዳል፤ ቢፈቀድለት ሻይ ውስጥም ይጨምር ነበር። በኖራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ቢለሰን ድንጋዩ ትንፋሽ ያጣል፣ እርጥበቱም ውስጥ ይቀራል ብዬ ሦስት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ። ሁለተኛ የጠረጠርኩት መሐንዲሱን ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ «እትዬ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ እንዲበላሽበት አይፈልግም። ሦስተኛ ጥበቃውን ጠረጠርኩ። የግቢው ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው፣ የሚኖረውም እዚያው ነው። አናጢውን እንኳ ሳይቀር ጠርጥሬያለሁ፤ ምክንያት ባላገኝበትም ሲያፏጭ ደስ አይለኝም። አባቴን አልጠረጠርኩም።

አባቴ ዕድሜያቸው 74 ሲሆን በሠራተኛው ዘንድ «ዋናው» ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፣ የሚኖሩትም ከእኔ ጋር ነው። ኖራ በውሃ እንዴት እንደሚበርድና ስንት ቀን እንደሚተኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደመወዝ ሳይኖራቸው በየቀኑ ወደ ሥራው ቦታ ይመጣሉ። ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ፣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል፣ ምድር ቤቱ ቀዝቀዝ ስለሚል እዚያ አረፍ ይላሉ። ጥበቃው ራሱ በር ከፍቶ ያስገባቸዋል፣ ወንበርም ያወጣላቸዋል። እኔ ለምሳ ወደ ቤት ስለምሄድ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ሐሙስ በ8 የሰባተኛውን መስታወት ጄሶ በእጄ ጀርባ ነካሁት። አምስት ሳምንት የሞላው ጄሶ ደረቅና ነጭ መሆን ነበረበት። ያ ግን ቀዝቃዛና ጠቆር ያለ ነበር። ላዩ ላይ የተጻፈው ቀን የእኔው ነው፣ የአጻጻፉ አጣጣልም የእኔን ይመስላል። ዓርብ በ9፣ ለማንም ሳልናገር ሰባተኛውን አንስቼ በምትኩ ሌላ አጣበቅሁ። ከማጣበቄ በፊት በመስታወቱ ጀርባ፣ ከጫፉ ላይ፣ በምስማር ሁለት ጭረት አደረግሁበት። ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም።

ማክሰኞ በ13፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በእጅ ባትሪ ከጎን አበራሁበት። ጭረቱ የለም። ከሁሉ በላይ ያናደደኝ መስታወቱ መቀየሩ አልነበረም፤ የእኔን እጅ አስመስሎ ቀን መጻፉ ነው። በንዴት ጮኼ መሐንዲሱን ጠራሁት። «መስታወቶቼን የሚቀይር ሰው አለ» አልኩት። «እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «እንደ ስሜ» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፣ ስልክ ሊደውልም ወደ ውጭ ወጣ።

እሱ ስልክ ላይ ሳለ ለማስረጃ ይሆናል ብዬ መስታወቱን በግንበኛ ማንኪያ ፈልፍዬ አነሳሁት። በግራው ጫፍ ጄሶ ውስጥ ስንዴ የሚያክል አንድ የሎሚ ዘር ፍሬ ተቀብሮ አገኘሁ። እዚያው ጣውላ ላይ ተቀመጥኩ።

ምክንያቱን መርማሪው ስለጠየቁኝ አስረዳለሁ። ጄሶ ከተበጠበጠ ወዲያው ነው የሚጠነክረው። ጣቱ የዘገየ ሰው ሳያጣብቀው ድንጋይ ይሆንበታል። ሎሚ ጠብ ከተደረገበት ግን ይታገሣል። ይህን የሚያደርግ ግንበኛ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ነው፣ እሳቸውም አባቴ ናቸው። ጣቶቻቸው ከተንጋደዱ ወዲህ ያለ ሎሚ ጄሶ አይነኩም። ከዚያ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ሎሚ ከቤቴ እየጠፋ ጎረቤቴን ጠርጥሬ ሰላምታ ነስቻት ነበር። ይህንንም ይቅርታ ልጠይቃት ይገባል።

መሐንዲሱ ሲመለስ ፍሬውን በሽርጤ ኪስ ከትቼ ነበር። አላሳየሁትም። ዛሬ በወረቀት ጠቅልዬ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ረቡዕ በ14 እዚህ ተጠርቼ ማንን እንደምጠረጥር ስጠየቅ «ቁልፍ ያለው ጥበቃው ብቻ ነው» ብያለሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ የተናገርኩበት ልብ ግን እውነት አልነበረም። አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ። አውቅ ነበር። ስናገር የሎሚው ፍሬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጥበቃው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተያዘ። ሲወስዱት በአጠገቤ አለፈ፤ «እታለም፣ ንገሪያቸው እንጂ» አለኝ። መንገሬን አላወቀም።

ሐሙስ በ15፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በቤቴ ውስጥ አባቴ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያሹ ፍሬውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ማጥለል ነበረብኝ» አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ የሚከተለው ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ወፍጮ ቤቱ በሥራ ላይ ሳለ አንድ ትልቅ ሞተር እንዲገባ የምሥራቁ ግድግዳ ተከፍቶ እንዲዘጋ ታዘዘ። ሥራውን የያዙት አባቴ ነበሩ። የዚያ ዓይነት ግድግዳ ሁለት ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ገጾች ያሉት ሲሆን በመካከሉ ጠጠርና ኖራ ይሞላል። ሁለቱን ገጾች አንድ የሚያደርጋቸው ከውጭ እስከ ውስጥ አቋርጠው የሚያልፉ ረጃጅም ድንጋዮች ናቸው። አባቴ ለመክፈት ሲሉ ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱን አወጡ። ሲዘጉ ግን አልመለሷቸውም። ባለቤቱ ወፍጮው ዛሬውኑ ይነሣ ብሎ ወጥሮ ይዟቸው ነበር፤ በአጫጭር ድንጋይና በሲሚንቶ ሞልተው ለሰኑት። «ይቆማል ብዬ ነበር» አሉኝ። «ደግሞም አርባ ዓመት ቆመ።» አሁን ወለሉ ሲቆፈርና አሮጌው ልስን ሲነሣ ግድግዳው ሆዱን መንፋት ጀምሯል። የመጀመሪያውን የተሰበረ መስታወት ያዩት በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። እኔ ከማየቴ በፊት ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ በየምሳው ይመለከቱ ነበር፣ በጠቅላላውም ዘጠኝ ጊዜ ቀይረዋል።

«አባዬ፣ ሰኞ እኮ ሕፃናት ይገባሉ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አንድ ግድግዳ እኔ አበላሸሁ። በእኔ ጥፋት ሦስቱ ደህናዎች ይፍረሱ? በበጋው እኔው ራሴ ድንጋዮቹን እመልሳቸዋለሁ።»

በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ጫማቸውን በሁለት እጅ በሚያወልቁበት ዕድሜ ይህን ሲሉኝ አዘንኩላቸው፣ ደግሞም በጣም ተናደድኩባቸው። ቀጥለው «ለመሆኑ ጥበቃው የት ሄዶ ነው? አዲሱ ሰውዬ አላስገባ አለኝ» ብለው ጠየቁኝ። እረፍት ወጥቷል አልኳቸው። የዋሸሁት፣ መታሰሩን ቢሰሙ ያን ጊዜውኑ ባዶ እግራቸውን ወደዚህ እንደሚመጡ ስለማውቅ ነው። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የሰነበትኩ ሴት፣ በመጨረሻ ልጠረጠር የሚገባኝ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ዓርብ በ16፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተቋራጩ ወደ ምሥራቁ ክፍል ጠራኝ። እሱ እንደሚለው ጥበቃው ሣንቃ ሲያመላልስ መስታወቶቹን ገጭቶ ሰብሯቸዋል፣ ፈርቶም ቀይሯቸዋል፤ ስለዚህ ግድግዳው አልተንቀሳቀሰም፣ ነገሩም ተዘግቷል። መሐንዲሱ አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ልቡ እንዳልተቀበለው አይቻለሁ፤ ነገር ግን በእጁ ያለው ወረቀት የእኔ የረቡዕ ቃል ግልባጭ ነው። ሦስቱ መስታወቶች ተነሥተዋል። ተቋራጩ የተበጠበጠ ሲሚንቶ በባልዲ አቀረበና «በይ እታለም፣ ስንጥቁን ድፈኚውና ቀለም ይቀባ» አለኝ። ማንኪያውን አነሣሁ። በግድግዳው ግርጌ የሕፃናቱ ትንንሽ አልጋዎች ከነላስቲካቸው ተደርድረው ነበር። አሥራ ስድስት ናቸው። ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ ጥዬ ወጣሁ። ተቋራጩ ከኋላዬ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው እንደደፈነው ዛሬ ጠዋት አይቻለሁ።

በመሆኑም የሚከተለው እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የምሥራቁ ግድግዳ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሰኞ ማንም ሰው እዚያ ክፍል መግባት የለበትም። ጥበቃው ጥፋቱ አንድ አዛውንት አክብሮ በር መክፈቱ ብቻ ነው። መስታወቶቹን የቀየሩት አባቴ ናቸው። ሕንፃው ግን መፍረስ የለበትም። ግድግዳው ከውጭ እስከ ውስጥ ብረት አልፎበት በሁለቱም ወገን በጠፍጣፋ ብረት ቢጠፈር ይያዛል፤ ይህን መሐንዲሱም ያውቀዋል። ብረቱ የት የት ይለፍ ለሚለው፣ ድንጋዮቹ የወጡበትን ሰባት ቦታ የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አባቴ ብቻ ናቸው። እሳቸውን የምታስሩ ከሆነ መጀመሪያ ግድግዳው ዘንድ ውሰዷቸውና ያሳዩ። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ በቀኝ በኩል ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አናግሯቸው። ቶሎ ካልመለሱም እያሰቡ እንጂ እየዋሹ አይደለም።

(ምስክሯ ውሃ ጠይቃ ጠጥታለች።)

አባቴ አሁን በጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስለ መዝገቡ ልጠየቅ ነው የምሄደው ስላቸው ብቻሽን አትሄጂም ብለው አብረውኝ መጡ። በመስኮቱ ሳይ የጥበቃው ሚስት የምሳ ዕቃ ይዛ ከጎናቸው ተቀምጣለች። ጆሯቸው ስለሚከብድ እየጮኸች ነው የምታወራቸው። እዚህ ድረስ ይሰማል። ባሏ አራት ቀን እንደታሰረና በምን እንደታሰረ እየነገረቻቸው ነው። መርማሪው መስኮቱን እንዝጋው ወይ ብለው ጠይቀውኛል፣ አይዘጋ ብያለሁ።

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ ያወቅሁትንም አላስቀረሁም። በረቡዕ ቃሌ ላይ የጎደለው በዚህ ተሞልቷል። በዚህ ቃል ውስጥ ሐሰት ቢገኝ፣ ስለደበቅሁትም ነገር፣ በሕግ ልጠየቅበት ዝግጁ ነኝ። የተጻፈው ቃል በቃል ተነቦልኝ የተናገርኩት እንደሆነ አረጋግጣለሁ።

የመርማሪ ማስታወሻ

ቃሉ ተነቦ እንዳለቀና ምስክሯ ከመፈረሟ በፊት፣ ከጠዋቱ 5፡05 ላይ አንድ አዛውንት ሳያንኳኩ ወደ ክፍሉ ገብተዋል። ምስክሯ አባቷ መሆናቸውን ገልጻለች። አዛውንቱ «ያንን ሰውዬ ፍቱት፤ መስታወቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብለዋል። ልጃቸው ለምን ክፍሉ ውስጥ እንዳለች አልጠየቁም። «አንቺ ወደ ቤት ሂጂ፣ ይህ አንቺን አይመለከትሽም» ብለዋታል። ቃላቸው ለብቻው በሌላ ወረቀት ይወሰዳል።

ምስክሯ የራሷ ቃል የተጀመረበት ሰዓት ተሰርዞ፣ አባቷ ከእርሷ በፊት በፈቃዳቸው መጥተው እንደተናገሩ ሆኖ እንዲጻፍ ጠይቃለች። ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። ሰዓቱ አልተለወጠም። አባቷ ማንም ሳይጠራቸው መግባታቸው ግን እንደሆነው ተጽፏል። ከዚህ በኋላ ፈርማለች።

የምስክሯ ፊርማ፦ ________
የመርማሪው ፊርማ፦ ________
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡20